የጠፋው ማን ነበር? ስለ ተረሱ የብሉዝና የሮክ ሸክላዎች ዳግም መገኘት

በዲሴምበር 1938 በኒው ዮርክ ከተማ፣ ካርኔጊ አዳራሽ በተባለው ዕውቅ የሙዚቃ ቤት፣ የጥቁር አሜሪካውያንን ሙዚቃ ከመንፈሳዊ መዝሙር አንሥቶ እስከ ጃዝ ድረስ ለሕዝብ የሚያቀርብ አንድ ትልቅ ዝግጅት ተሰናድቶ ነበር። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይበል።) የዝግጅቱ ኀላፊ ጆን ሐመንድ ከሚሲሲፒ ግዛት አንድ ብዙም ያልታወቀ ጊታር መቺና ዘፋኝ ለማስመጣት አስቦ ቢያፈላልገው፣ ሰውየው በዚያው ዓመት በኦገስት ወር በ27 ዓመቱ መሞቱ ተነገረው። ሐመንድ ግን ከአሳቡ አልተመለሰም። ግራሞፎን ወደ መድረክ አስወጣና የሟቹን ሁለት ሸክላዎች ለታዳሚው አሰማ። ሟቹ ሮበርት ጆንሰን ይባል ነበር።

ያን ምሽት በአሳቤ ደጋግሜ አየዋለሁ። መብራቱ በርቷል፤ ሕዝቡ በየወንበሩ ተቀምጧል፤ መድረኩ ላይ ግን የሚሽከረከር ሸክላ እንጂ ሰው የለም። ዜማው ሲያልቅ ሕዝቡ አጨብጭቦ ይሆናል። ጭብጨባው ለማን እንደሆነ ግን ለመናገር ያስቸግራል። ለዘፋኙ እንዳይባል ዘፋኙ አይሰማም፤ ለሸክላው እንዳይባል ሸክላ ምስጋና አያሻውም። ምናልባት የተጨበጨበው ይህን ድምፅ ፈልጎ ላገኘው ሰው ነበር፤ ከዚያም አልፎ ሕዝቡ ያጨበጨበው ይህን ለመስማት ለበቃው ለራሱ ነበር።

ከዚያ ወዲህ በነበሩት ዘመናት የተረሱ የብሉዝና የሮክ ሸክላዎችን እየፈለጉ ማውጣት በአሜሪካና በአውሮፓ ራሱን የቻለ ሥራ፣ ለብዙዎችም እንጀራ ሆኗል። ሰብሳቢዎች አሉት፤ ነጋዴዎች አሉት፤ ጸሐፊዎችና ፊልም ሠሪዎችም አሉት። የሁሉም ታሪክ «ተገኘ» በሚል ቃል ይጀምራል። እኔም እዚህ ላይ ለመመርመር የምፈልገው ይህንኑ ቃል ነው። አንድ ነገር ተገኘ የሚባለው ጠፍቶ ከነበረ ነው። ለመሆኑ የጠፋው ምን ነበር? ያጣውስ ማን ነው? ያገኘው ሰው ከግኝቱ ጋራ ምን ዕዳ አብሮ ይረከባል? ጥያቄው የሙዚቃ ወዳጆች የትርፍ ጊዜ ጨዋታ ሊመስል ይችላል፤ ወደ ውስጡ ሲገቡ ግን የኪነ ጥበብን ሥራ ከከያኒው ነጥሎ መውደድ ይቻላልን? ወደሚለው የቆየ ክርክር ያደርሳል።

ነገሩን ከሥሩ ለማየት ከገበያው መነሣት ይሻላል። በ1920 ማሚ ስሚዝ የተባለችው ዘፋኝ ለኦኬ ኩባንያ ያስቀረጸችው ብሉዝ ሳይታሰብ በብዛት ሲሸጥ፣ የአሜሪካ የሸክላ አሳታሚዎች ጥቁሩ ሕዝብም ገንዘቡን አውጥቶ ሸክላ እንደሚገዛ ተረዱ። ከዚያ በኋላ «የዘር ሸክላዎች» የሚል ስም የወጣላቸው፣ ለጥቁር ገዥዎች ተለይተው የሚታተሙ ሥራዎች ብቅ አሉ። ከአሳታሚዎቹ መካከል በሰሜኑ በዊስኮንሲን ግዛት የነበረው የፓራማውንት ታሪክ ልዩ ነው፤ የአንድ ወንበር ፋብሪካ ቅርንጫፍ ነበርና። ፋብሪካው ከወንበር ሌላ የግራሞፎን ሣጥን ይሠራ ነበር፤ ሣጥኑን የገዛ ሰው ደግሞ የሚያጫውተው ሸክላ ያስፈልገዋል። እንግዲህ ዛሬ የዓለም ቅርስ እየተባለ የሚነገርለት ሙዚቃ አንዱ ክፍል የተቀረጸው ለዕቃ ማሻሻጫ ነበር ማለት ነው። ሰን ሐውስ በ1930፣ ስኪፕ ጄምስ በ1931 ከሚሲሲፒ ተነሥተው፣ ያን ሁሉ መንገድ ተጉዘው፣ ግራፍተን በምትባል ትንሽ ከተማ ድምፃቸውን አስቀረጹ። ጥቂት ዶላር ተቀብለው ወደየመጡበት ተመለሱ።

በእኛ አገር አዝማሪ ግጥሙን ሲያወርድ ሸላሚው ብሩን ግንባሩ ላይ ይለጥፍለታል። ሰጪና ተቀባይ ፊት ለፊት ይተያያሉ፤ ስጦታው ቢያንስ ማነሱ፣ ቢበዛም መብዛቱ እዚያው ይታወቃል፤ የቆጠበ ሰው ደግሞ የሚገባውን ስንኝ ሰምቶ ይሄዳል። ሸክላ ይህን መተያየት አስቀርቶታል። ዘፋኙ አድማጩ ማን እንደሆነ አያውቅም፤ አድማጩም ዘፋኙ ይኑር ይሙት አያውቅም። በመካከላቸው የቆመው ነጋዴ ብቻ ሁለቱንም ያውቃል፤ እርሱም ለማስተዋወቅ አይቸኩልም።

ይህን ክብ ጥቁር ነገር በአማርኛ ሸክላ ማለታችን እንዴት ደስ ይላል! እንደ ጀበናና እንደ እንስራ ከእጅ ሲያመልጥ ይሰበራል። የዚያ ዘመኑ፣ በደቂቃ 78 ጊዜ የሚሽከረከረው ሸክላ የሚሠራው ከነፍሳት ከሚገኝ ሙጫ ጋራ ተቀላቅሎ ስለነበረ በጣም ተሰባሪ ነበር። የ1929 የኢኮኖሚ ውድቀት ሲመጣ በአሜሪካ በዓመት ከ100 ሚሊዮን በላይ ደርሶ የነበረው የሸክላ ሽያጭ በ1932 ወደ 6 ሚሊዮን ገደማ ወረደ። ፓራማውንትም ከጥቂት ጊዜ በኋላ ተዘጋ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ሙጫው ከእስያ መምጣቱ ስለተስተጓጎለ አሮጌ ሸክላ እየተሰበሰበ ቀልጦ ለአዲስ ሥራ ይውል ነበር። አንዳንዶቹ ዘፈኖች ዛሬ የሚሰሙት በጣት ከሚቆጠሩ፣ በመርፌ ብዛት ከተፋቁ ቅጂዎች ነው። የሸክላው መጥፋት እንግዲህ እውነት ነው፤ ምክንያቱም ይታወቃል።

የሰዎቹ መጥፋት ግን ሌላ ነገር ነው። ሚሲሲፒ ጆን ኸርት በ1928 ለኦኬ ከቀረጸ በኋላ አቫሎን በምትባለው መንደሩ ከብት ይጠብቅ፣ በሰው እርሻ ይሠራ ነበር። ሰን ሐውስ በ1943 ወደ ሰሜን ተሰድዶ ሮቸስተር በሚባል ከተማ የባቡር ኩባንያ ሠራተኛ ሆነ። ስኪፕ ጄምስ ወደ ቤተ ክርስቲያን አገልግሎት አዘነበለ፤ በኋላም ጉልበቱን እየሸጠ ኖረ። ሚስቶቻቸው የት እንዳሉ ያውቃሉ፤ የቀበሌያቸው ሰዎች ያውቋቸዋል፤ አሠሪዎቻቸውማ በሚገባ ያውቋቸዋል። ከሠላሳ ዓመት በላይ «ጠፍተው ነበር» የሚለው አባባል የሚሠራው ከሩቅ ለቆመ ሰው ብቻ ነው። ጎረቤትህን ለሠላሳ ዓመት ሳትጠይቀው ቆይተህ ሳለ ጎረቤቴ ጠፍቶ ነበር ብትል፣ የሰማህ ሁሉ ይስቅብሃል።

ይህን ስል የሰብሳቢዎቹን ውለታ ለመካድ አይደለም። ጆን ኸርት የተገኘበት መንገድ እንኳ ብቻውን የሚያስደንቅ ነው። በ1952 ሐሪ ስሚዝ የተባለ ሰው ከአሮጌ ሸክላዎች መርጦ ባሳተመው ትልቅ የሕዝብ ዘፈን ስብስብ ውስጥ የኸርት ድምፅ ይገኝ ነበር። ሆኖም ሰውየው ማን እንደሆነ፣ ከየት እንደመጣ የሚያውቅ አልነበረም። በኋላ በአንዱ ሸክላው ላይ አቫሎን አገሬ ናት ብሎ መዝፈኑ ተስተዋለ። ቶም ሆስኪንስ የተባለ ወጣት አቫሎንን በአሮጌ የካርታ መጽሐፍ ላይ ፈልጎ አገኛትና በ1963 መኪናውን እየነዳ ወደዚያው ወረደ። ሽማግሌውም በደጁ የቆመውን ነጭ እንግዳ ሲያይ የመንግሥት ፖሊስ መጣብኝ ብሎ እንደ ደነገጠ ይነገራል። ጥፋት የሌለበት ሰው ዘፈኑን ሊያመሰግን የመጣውን እንግዳ የሚፈራበት አገር ምን ዓይነት አገር እንደሆነ ለማወቅ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያሻም። በዚያው ዓመት ኸርት ኒውፖርት በተባለው ዓመታዊ የሙዚቃ በዓል ላይ በብዙ ሺሕ ሕዝብ ፊት ተጫወተ፤ በ1966 ሞተ። ያ ወጣት ካርታውን ባይገልጥ ኖሮ እነዚህ ሦስት ዓመታት አይኖሩም ነበር። ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ነገር ግን ጁን 1964 ላይ ስንደርስ ቆም ብለን ማሰብ ይኖርብናል። በዚያ ወር ከሰሜን የመጡ ሦስት ወጣቶች ሰን ሐውስን ፍለጋ በሚሲሲፒ መንገዶች ላይ ሲንከራተቱ ነበር፤ የተሰደደበትን ከተማ ሰምተው በመጨረሻ ሮቸስተር ላይ አገኙት። በዚያው ወር ሌሎች ሦስት ወጣቶች በሚሲሲፒ፣ ቱኒካ በምትባል ከተማ፣ ስኪፕ ጄምስን በሐኪም ቤት አልጋ ላይ ተኝቶ አገኙት። ደግሞም በዚያው ወር «ፍሪደም ሰመር» በሚል ስም የታወቀው ዘመቻ ተጀምሮ፣ በመቶዎች የሚቆጠሩ፣ አብዛኞቹ ነጭ የሆኑ የሰሜን ተማሪዎች፣ ድምፅ የመስጠት መብቱን የተነፈገውን ጥቁር ሕዝብ በመራጭነት ለማስመዝገብ ወደ ሚሲሲፒ ገብተው ነበር። ጁን 21 ቀን ጄምስ ቼኒ፣ አንድሩ ጉድማንና ማይክል ሽወርነር የተባሉ ሦስት የዘመቻው ወጣቶች፣ አንዱ ጥቁር ሁለቱ ነጮች፣ በኩ ክላክስ ክላን አባሎች እጅ ተገደሉ። አስከሬናቸው ከአፈር ግድብ ሥር ተቆፍሮ የወጣው ኦገስት 4 ቀን ነበር።

ሁለት ዓይነት ወጣቶች በአንድ ዓይነት በር ላይ ሲያንኳኩ ይታዩኝ። ሰብሳቢዎቹ በዚያን ዘመን ከቤት ወደ ቤት እየዞሩ አሮጌ ሸክላ የሚሸጥልን አለ ወይ ይሉ ነበር። ዘማቾቹም ከቤት ወደ ቤት እየዞሩ መዝገብ ቤት አብሮን የሚሄድ አለ ወይ ይሉ ነበር። በሩን የምትከፍተው ሴትዮ ለመጀመሪያው እንግዳ ከአልጋ ሥር ያለውን አቧራ የጠጣ ሸክላ አውጥታ በጥቂት ሳንቲም ብትሰጥ የሚደርስባት ነገር የለም። ለሁለተኛው እሺ ብትል ግን ከሥራዋ ልትባረር፣ ከጭሰኝነት ጎጆዋ ልትነቀል፣ ቤቷም በሌሊት ሊቃጠል ይችል ነበር። አንደኛው እንግዳ ያላትን ይጠይቃታል፤ ሁለተኛው የተቀማችውን።

ይህን ሳስብ ብዙ ጊዜ ሰብሳቢዎቹን ለመኰነን ይቃጣኛል፤ መልሼ ግን እተወዋለሁ። እነርሱም ቢሆኑ የሰሜን ታርጋ ባለው መኪና በዚያ ወር በሚሲሲፒ መዘዋወራቸው ቀላል ድፍረት አልነበረም። ከዚህም በላይ፣ ሕዝብ ሊሰማው የሚገባ ድምፅ አለህ ብሎ ለአንድ ለተናቀ ሽማግሌ መንገር ከመብት ጥያቄ ፈጽሞ የራቀ አይደለም። መደመጥ ራሱ የመቆጠር አንድ ዓይነት ነው። ሆኖም ሁለቱን ጉዳዮች አንድ ናቸው ለማለት አልደፍርም። የሰውን ድምፅ በዘፈን ወድዶ ያው ሰው በምርጫ ሣጥን ፊት ድምፅ ሳይኖረው መቅረቱን ሳያዩ ማለፍ ይቻላል፤ በ1964ም ብዙ አድማጭ እንዲሁ አልፏል። የ1965ቱ የምርጫ መብት ሕግ የተገኘው በጊታር ሳይሆን በእነዚያ በሮች ላይ ባንኳኩትና በሩን በከፈቱት ሰዎች መሥዋዕትነት ነው።

ሰን ሐውስ ከተገኘ በኋላ የሆነውም እንዲሁ ያከራክራል። ሽማግሌው ከሙዚቃ ከራቀ ዓመታት አልፈው ስለነበር የቀድሞ ዘፈኖቹን አብዛኛውን ዘንግቷል። ስለዚህ አል ዊልሰን የተባለ፣ ዕድሜው ገና ሃያ አንድ ገደማ የሆነ ነጭ ወጣት፣ የ1930ንና የ1940ዎቹን ቀረጻዎች በልቡ ያጠና ሰው፣ ከአጠገቡ ተቀምጦ የገዛ ዘፈኖቹን ጊታር እየመታ አስታወሰው። ሰን ሐውስ ሰን ሐውስን ከተማሪው ተማረ ማለት ነው። በሚቀጥለው ዓመት ኮሎምቢያ ኩባንያ አዲስ አልበም አወጣለት።

ይህን ታሪክ የሚያወሩ ሰዎች በፍቅርና በመደነቅ ያወሩታል፤ ወጣቱም ያደረገው በቅን ልብ እንደሆነ አልጠራጠርም። ግን እስቲ በሽማግሌው ቦታ ሆነን እንየው። ከ1930 እስከ 1964 ሠላሳ አራት ዓመት ነው። በዚህ ጊዜ ሰውየው አገር ለቋል፤ በባቡር ላይ ሠርቷል፤ ጓደኞቹን ቀብሯል፤ አርጅቷል። ወደ ቤቱ የመጡት ወጣቶች ስለዚህ ዘመን አልጠየቁትም ማለቴ አይደለም። የፈለጉት ግን ከዚህ ዘመን በፊት የነበረውን ሰው ነበር። አንድን ከያኒ በወጣትነቱ ልክ መልሰህ ስፋው ማለት፣ የአሥራ ስምንት ዓመት ልብሱን አልብሶ ፎቶግራፍ እንደማንሣት ነው። ያም ሆኖ ሽማግሌው ከልብሱ አፈትልኮ ወጣ። በ1965ቱ አልበም ውስጥ ጊታሩን አስቀምጦ፣ እጁን እያጨበጨበ ብቻ የሚዘፍነው አለ፤ ከ1930ዎቹ ሸክላዎች ሁሉ እኔ ይህን እመርጣለሁ። በዚህ ምርጫ የብዙ ሰብሳቢዎች ወዳጅ እንደማልሆን ዐውቃለሁ።

የራሴንም ጥፋት መናገር ይገባኛል። በወጣትነቴ የስኪፕ ጄምስን የ1931 ቀረጻዎች የያዘ፣ ከእጅ ወደ እጅ የተገለበጠ ካሴት ነበረኝ። በዚያ ቀጭን፣ ከፍ ያለና ሰው አልባ ቤት ውስጥ የሚንከራተት በሚመስል ድምፅ ልቤ ተነክቶ ነበር። ከዓመታት በኋላ በ1960ዎቹ እንደገና የቀረጻቸውን ሰማሁና ቅር አለኝ። ድምፁ ጥርት ያለ ነበር፤ ትንፋሹ ይሰማል፤ ጣቱ ክሩን ሲጫን ይሰማል። ያጣሁት ምንድን ነው ብዬ ራሴን ስጠይቅ መልሱ አሳፈረኝ። ያጣሁት መርፌው አሮጌውን ሸክላ ሲፍቅ የሚያሰማውን መንኮሻኮሽ ነበር። እኔ የወደድሁት ሰውየውን ሳይሆን በእኔና በሰውየው መካከል ያለውን ርቀት ነበር። ርቀቱ ሲጠብና ሰውየው የሚያስል፣ የሚያረጅ፣ ሐኪም የሚያስፈልገው ሰው ሆኖ ሲቀርብ ደስታዬ ቀነሰ። የተረሳ ነገር ወዳጆች ሁላችን፣ ይህ ስሜት ፈጽሞ አልጎበኘኝም የሚል ካለን ጥቂቶች ነን።

ስኪፕ ጄምስ ደግሞ በእርግጥ ሐኪም ያስፈልገው ነበር፤ ካንሰር ይዞት ነበርና። በ1966 ክሪም የተባለው የእንግሊዝ የሮክ ቡድን ከ1931 ዘፈኖቹ አንዱን በመጀመሪያ አልበሙ ላይ ተጫውቶ ሲያወጣ የደራሲውን ስም በትክክል አሰፈረ። ከዚያ የመጣው የባለቤትነት ክፍያ ለሽማግሌው የሕክምና ወጪ ረድቷል። በ1969 ሮሊንግ ስቶንስ የሮበርት ጆንሰንን አንድ ዘፈን ሲጫወቱ ግን በአልበሙ ላይ በደራሲነት የጆንሰን ስም አልተጻፈም ነበር። ሁለቱም ቡድኖች ብሉዝን ከልብ ይወዱ ነበር፤ በፍቅር የሚበላለጡ አይመስለኝም። ልዩነቱ አንድ መስመር ጽሑፍ ነው። ያች መስመር በአንዱ በኩል ለሐኪም ቤት ደረሰች፤ በሌላው በኩል ጉዳዩ ከሠላሳ ዓመት በኋላ በፍርድ ቤት ተነሣ።

እዚህ ላይ የሚነሣ መከራከሪያ አለ፤ በቀላሉም የሚጣል አይደለም። ብሉዝ የሕዝብ ሀብት ነው፤ ዘፋኞቹ ራሳቸው ስንኝና ዜማ ከጎረቤት እየተዋሱ ነው የኖሩት፤ ስለዚህ የአንድ ሰው ንብረት ማድረግ የኅብረተሰብን ቅርስ ለግል ማዋል ነው ይባላል። ከፊሉ እውነት ነው። ሰን ሐውስ ከሌሎች ወስዷል፤ ጆንሰን ከሰን ሐውስ ወስዷል። ነገር ግን በአንድ ማሳ ላይ አብረው የሚያርሱ ሰዎች በሬ ቢዋዋሱ ወግ ነው፤ ከሩቅ የመጣ ባለገንዘብ በሬው የመንደሩ ሁሉ ነው ብሎ ነድቶ ቢሄድ ግን መዋዋስ አይባልም። «ባለቤቱ ያልታወቀ» ተብሎ በሸክላ ላይ የሚታተመው ጽሑፍ ብዙ ጊዜ ትርጉሙ ባለቤቱ አልተጠየቀም ማለት ነው። ሮበርት ጆንሰን በ1936ና በ1937 ከቀረጻቸው 29 ዘፈኖች ገሚሶቹ በ1961 በሎንግ ፕሌይ ታትመው የእንግሊዝና የአሜሪካ ሮክ ተጫዋቾችን ትውልድ አስተማሩ፤ በ1990 ሙሉ ስብስቡ ሲወጣ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ተሸጠ። የሚሲሲፒ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ልጁ ክሎድ ጆንሰን ወራሽ መሆኑን ያጸናው በ2000 ነው። ልጁ ዕድሜውን ጠጠር የሚያመላልስ መኪና ሾፌር ሆኖ የኖረ ሰው ነበር።

ከብሉዝ ወደ ሮክ ስንመጣ ደግሞ የሲክስቶ ሮድሪጌዝን ታሪክ የማያውቅ አድማጭ ጥቂት ነው። ከሜክሲኮ ስደተኞች በዲትሮይት የተወለደው ይህ ዘፋኝ በ1970ና በ1971 ያወጣቸው ሁለት አልበሞች በአሜሪካ የሚገዛቸው ጠፍቶ እርሱ ወደ ግንባታና ወደ አሮጌ ቤት ማፍረስ ሥራ ተመለሰ። አልበሞቹ ግን በአፓርታይድ ዘመን በደቡብ አፍሪካ በወጣቶች ዘንድ እጅግ ተወደዱ፤ ዘፋኙ መድረክ ላይ ራሱን ገድሏል የሚል ወሬም ተሰራጨ። ሁለት አድናቂዎች አፈላልገው በሕይወት መኖሩን አረጋገጡና በ1998 ደቡብ አፍሪካ ሄዶ በሺሕ ለሚቆጠር ሕዝብ ተጫወተ። በ2012 የወጣው ዘጋቢ ፊልም በ2013 የኦስካር ሽልማት አገኘ። ሮድሪጌዝ በ2023 ሞተ።

ፊልሙ መልካም ፊልም ነው፤ እኔም ሳየው አልቅሻለሁ። ነገር ግን አንድ ነገር ትቷል። ሮድሪጌዝ በ1979ና በ1981 አውስትራሊያ ሄዶ በትላልቅ መድረኮች ተጫውቷል፤ እዚያ የሚያውቀው ሕዝብ ነበረው። በ1981 ደግሞ በዲትሮይት ዌይን ስቴት ዩኒቨርሲቲ በፍልስፍና ዲግሪውን ተቀብሏል። ይህ ሁሉ ቢነገር ኖሮ ሰውየው የጠፋ አይመስልም ነበር፤ የጠፋ ካልመሰለ ደግሞ መገኘቱ ያን ያህል አያስለቅስም። የ«ተገኘ» ታሪክ ፈላጊውን ባለታሪክ ለማድረግ ሲል የተፈላጊውን ዕድሜ ይቆርጣል። በመካከሉ የነበረው ሰው፣ ቀን ጡብ እያፈረሰ ማታ መጽሐፍ የሚያነበው አባወራ፣ ከፊልሙ የበለጠ ሊነገርለት የሚገባ ይመስለኛል። ከደቡብ አፍሪካ ሽያጭ ለረጅም ዓመታት ገንዘብ ሳይደርሰው የመቅረቱ ጉዳይም በፊልሙ ተነሥቶ ሳይመለስ ያልፋል፤ ለቅሶው ግን ሳይቋረጥ ይቀጥላል።

ይህ ነገር ለእኛ ከሩቅ የሚወራ ወሬ አይደለም። በ1969 በዐምሐ እሸቴ አሳታሚነት መውጣት የጀመሩት የአዲስ አበባ ሸክላዎች ከ1997 ወዲህ በፈረንሳይ አገር በተከታታይ እየታተሙ «ሲገኙ»፣ በየቤታችን የድሮ ዘፈን እያልን የምንሰማቸው ነበሩ። የዋልያስ ባንዱ ኃይሉ መርጊያ በ1980ዎቹ መጀመሪያ አሜሪካ ቀርቶ በዋሽንግተን ዙሪያ ለብዙ ዓመታት ታክሲ ሲነዳ፣ ተሳፋሪ እስኪመጣ ከመኪናው ኋላ ኪቦርዱን አውጥቶ ይለማመድ ነበር። በዚያ ከተማ ያለነውና የነበርነው ኢትዮጵያውያን ስንቶቻችን ተሳፍረንበት ይሆን? በ1985 የሠራውን ካሴት አንድ አሜሪካዊ ሰብሳቢ በባሕር ዳር ገበያ አግኝቶ በ2013 እንደገና አሳተመው። ይህ ሰው ግን ከማሳተሙ በፊት ባለቤቱን ፈልጎ አነጋገረ፤ ትርፉንም እኩል የመካፈል ልማድ አለው። ከዚያም በላይ፣ ኃይሉ በ2018 አዲስ አልበም አወጣ። ሰውየው የ1985 ሰው ሆኖ እንዲቀር አልተፈረደበትም። በዚህ መንገድ የሚደረግ ፍለጋ ካለ፣ እኔ የምቃወመው ነገር የለኝም፤ የምጠይቀው የእኛ አሳታሚዎችና የእኛ ቤተ መዛግብት ስልክ ለመደወል ለምን እንደዘገዩ ብቻ ነው።

ስኪፕ ጄምስ ከተገኘ በኋላ የድሮ ዘፈኖቹን ብቻ አልዘፈነም። በዋሽንግተን ከተማ ሐኪም ቤት ተኝቶ ሳለ ስለዚያው ሐኪም ቤት አንድ አዲስ ብሉዝ ደርሷል። የ1931ን ድምፅ ፍለጋ ለመጣው አድማጭ ይህ ዘፈን ምሥጢር የለውም፤ የሚያወራው ስለ ሕመምና ስለ ሕክምና ነው። ብዙ ዘመን ካሴቱ እዚያ ሲደርስ ክሩን አስሮጬ አልፈው ነበር። በቅርቡ ግን እስከ መጨረሻው ሰማሁት። ሽማግሌው በዚያ ቀጭን ድምፁ፣ ሳይቸኩል፣ ያን ቀን የሆነውን ይናገራል።